የባሕር ገመድ በጓሳ ሜዳ

ስለ ባሕር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ባሕሩን አይተውታል። እኔ ግን ስለ መርከብ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ራቤል ነው፤ በመንዝ ጫፍ፣ ግሼ ውስጥ፣ በበጋ ወንዙን ጫማ ሳያወልቁ በሚሻገሩበት ደጋ ላይ። ነፋሱን ለሚያውቅ ሰው ለዚያ አገር የጎደለው መርከቡ ብቻ ነው። በር ከፍተህ ስትወጣ ነጠላህን ይቀማሃል፤ በሰኔ የከደንከውን ጣሪያ በጥቅምት ለጎረቤት ይሰጥብሃል። እንዲህ ያለ ነፋስ ባለበት አገር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ማሰር ነው። ጣሪያ ይታሰራል፣ ክምር ይታሰራል፣ ጭነት ይታሰራል፤ ከብቱማ የታወቀ ነው።

ጊዜው አምሳዎቹ ሊጋመሱ ሲሉ ነው። ያኔ ከደብረ ብርሃን አልፎ የተመደበ አስተማሪ እንደተቀጣ ይቆጠር ነበር። እኔም ራሴን እንደዚያ ቆጥሬ ነው የሄድኩት። ስቆይ እንደተረዳሁት ግን ቅጣቱ የደረሰው በተማሪዎቹ ላይ ነበር፤ የማስተምራቸው እንግሊዝኛ ነበርና።

የመማሪያው መጽሐፍ የት እንደተጻፈ እንጃ፣ ለእኛ እንዳልተጻፈ ግን ግልጽ ነበር። በውስጡ ባቡር ስለሚጠብቁ ቤተሰቦችና ስለ አበባው ስለሚጨነቅ ጡረተኛ ይተርካል። አንዱ ምዕራፍ ማዕበል ስለያዛት መርከብ ነበር። መርከበኞቹ ማዕበሉ ሲነሣ ወደ በርሜሎቹ ሮጡና «ላሽ» አደረጓቸው ይላል። ላሽ ማለት መግረፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አልጠረጠርኩም። ስለዚህ ሳላመነታ «በርሜሎቹን ገረፏቸው» ብዬ ተረጎምኩ።

ከተማሪዎቼ መካከል ጢም ያወጡም ትዳር የያዙም ነበሩ። ከነሱ አንዱ፣ ቀድሞ በቅሎ ነጂ የነበረ፣ እጁን አነሣና በርሜሎቹ ምን አጥፍተው እንደሆነ ጠየቀኝ። ማዕበል ሲነሣ ሰው ይቆጣል፣ የተቆጣ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይመታል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በቅሎዎቹ ምስክር ቢጠሩ ኖሮ እነሱም የሚስማሙበት ይመስለኛል።

ሳቁ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ነበር። እሱም የመንዝ ሰው ነው፤ ምጽዋ ወርዶ ዓመታት በመርከብ ላይ ሲያገለግል ኖሮ፣ ከመድፍ አጠገብ ቆሞ አንድ ጆሮው ስለደነቆረ አሰናብተውታል። የገዛ ድምፁን የሚለካበት ጆሮ ስለሌለው ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ደህና አደራችሁ ሲል ገበያው አብሮ ይመልስለታል። የአገሬው ሰው ባሕረኛው ይለዋል። ትሑት አልነበረም። የነገረንን ሁሉ ሰው ቢያምን ኖሮ ቀይ ባሕርን ለሁለት የከፈለው እሱ ነው ማለት ነው። የክፍሉን የአፈር ወለል እንደ መርከብ በየጠዋቱ በውሃ ያሳጥብ ነበርና፣ ከክፍሉ የሚወጡት ተማሪዎች ከደቦ እርሻ የመጡ ይመስሉ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት መጥቶ፣ በርሜል ስገርፍ መዋሌን እንደሰማ ነገረኝ። ከዚያም አስረዳኝ፤ ራቤል በሙሉም አብሮ ሰማ። መርከብ ላይ ይህ ቃል ማሰር ማለት ነው። ሊንቀሳቀስ የሚችል ነገር ሁሉ ይታሰራል፤ በርሜሉ፣ ሣጥኑ፣ ትንሿ ጀልባ፣ ማዕበሉ ከከፋም ሰውዬው ራሱ ከምሰሶው ጋር። እንዲያውም የገመድ ጫፍ እንዳይፈታ በክር ጠምጥሞ መቋጠር የራሱ ስም አለው፤ ያም ስም ቢሆን የአለንጋ ስም ነው። መርከበኞች እንግዲህ መግረፍን የሚመስል ስም ሳይሰጡ ምንም ነገር ማሰር አይችሉም ማለት ነው።

ይህን ነገር ኋላ በመጻሕፍት ፈለግኩት። ሊቃውንቱ በሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ትርጉሞቹ ከተለያየ ምንጭ መጥተው መንገድ ላይ የተገናኙ ናቸው ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ በዱሮ መርከብ ጭነቱ የሚታሰርበትና የመርከበኛው ጀርባ የሚገረፍበት ገመድ አንድ ስለነበረ ነው ይላል። የመጀመሪያው እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ አሰልቺ ነውና። ሁለተኛው ለቁጭት ስለሚመች ብዙ ይጠቀሳል። እኔ ሁለቱንም የምሰማው ፈገግ እያልኩ ነው። በእኛ አገር ከአንድ በሬ ቆዳ ጅራፉም ይወጣል፣ በቅሎ የሚጫንበት መጫኛም ይወጣል፣ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያያይዘው ምራንም ይወጣል፣ የአልጋው ጠፍርም ይወጣል። ይህን አይቶ ስለ ሰው ልጅ ጭካኔ የተፈላሰፈ መንዜ አልገጠመኝም። ቆዳ ነው፤ ይገርፋል፣ ያስራል፣ ሰው ያስተኛል።

የቃሉ ነገር በዚህ አበቃ። የገመዱ ነገር ግን ገና ነበር።

የትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀልበት ባሕር ዛፍ ረጅም ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መዘውር አለችው፣ በመዘውሯ ውስጥ ከመሐል ሜዳ የመጣ የቃጫ ገመድ ያልፋል። የገመዱ ጫፍ ተፈትቶ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትኗል። ባሕረኛው በየጠዋቱ በዚያ ሲያልፍ ጫፉ ይቋጠር እያለ ይጮኻል፤ እኛም ወለል ከማጠብ ጋር ደምረን እንሰማዋለን። ራሱ ለምን አልቋጠረውም ለሚል፣ መልሱ ባሕረኛውን ለሚያውቅ ቀላል ነው። እሱ የማዘዝ ሰው ነበር።

በጥር አንድ ጠዋት ባንዲራው ሲወጣ መሐል ላይ ቆመ። የተበተነው ጫፍ መዘውሯ ውስጥ ገብቶ ተሰንቅሮ ነበር። ነፋሱ ያርገበግበዋል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ትንሽ ቆይቶ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ ጸሐፊ እያለከለከ መጣና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማን ነው የሞተው አለን። ባንዲራ በግማሽ ሲውለበለብ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ እሱም ሳይሰማ የቀረ መስሎት ልቡ ሊጠፋ ደርሷል። ማንም አልሞተም ብንለው የበለጠ ፈራ። የምንደብቀው መሰለው።

እንግዲህ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። ወጣሁ። በልጅነቴ ዛፍ ላይ ጥሩ ነበርኩ፤ ልጅነት ግን የሚያልፍ ነገር መሆኑን ከላይ ሆኜ ነው የተረዳሁት። ገመዱን አስለቅቄ እጄን ሳነሣ ነፋሱ መጣ፤ መሬቱም መጣ። ቀኝ እግሬ ከታፋው ተሰበረ። ባንዲራው ግን ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ጸሐፊውም ተረጋግቶ ሄደ አሉ።

የምኖረው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ ከአንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ግቢ ተከራይቼ ነበር። ወደዚያው ወሰዱኝ። ወጌሻ ተጠርቶ መጣ፤ እግሬን ሳይነካ ዙሪያውን አየና፣ ከጉልበት በታች ቢሆን እይዘው ነበር፣ ይህን ግን አልደፍረውም አለ። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ካልደረሰ እግሩ አይተርፍም፣ ምናልባት እሱም አይተርፍም ብሎ ለቤቱ ጌታ በሹክሹክታ ነገራቸው። ባሕረኛው ምን አለ ብሎ ስለጠየቀና መልሱንም ጮክ ብሎ ስለደገመው እኔም ሰማሁት። የጭነት መኪና የሚመጣው መሐል ሜዳ ድረስ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ለገበያ ቀን፤ እስከዚያ ያለው መንገድ በሰው ትከሻ ነው። ያ ካመለጠ እስከሚቀጥለው ገበያ መጠበቅ ነው፤ ወጌሻውም እግሩ እስከዚያ አይጠብቅም አለ።

የቤቱ ጌታ ሞፈር በመጠገን የታወቁ ነበሩ። የተሰነጠቀ ሞፈር ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ውሃ ውስጥ ያደረ ጥሬ ጠፍር ያወጡና እንጨቱ ላይ ጥብቅ አድርገው ይጠመጥሙታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሞፈር በሌላ ቦታ ቢሰበር እንጂ በዚያ ቦታ አይሰበርም። ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እጃቸውም ተመሰገነበት። ስለዚህ እኔ ግቢው ውስጥ የሱፍ ባና ላይ ተጋድሜ ጥርሴን ስነክስ፣ እሳቸው ለሰው ሞፈር ብለው የዘፈዘፉትን ጠፍር እያንጠባጠቡ መጡ። አራት የቀርከሃ ስንጣቂዎችም አዘጋጅተዋል። እግሬን ከሞፈር አላስበለጡትም፤ አላሳነሱትምም። ያላቸውን ከሁሉ የተሻለ ጥበብ ነው ያመጡልኝ።

ባሕረኛው እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ ሞፈር ደም የለውም።»

እሳቸውን በዚያ አገር እንዲህ የተናገራቸው ሰው አልነበረም፤ በዚያ ድምፅ ደግሞ ጨርሶ።

«አንተ ደግሞ የዓሣ ወጌሻ ነህ?» አሉት።

«ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ምን ያደርገዋል?»

«ያንቀዋል እንጂ። ሥራው ምን ሆነና።»

«እንግዲያው እግሩንም ያንቀዋል። መሐል ሜዳ ሳንደርስ ይጠቁራል። ጠቆረ ማለት ይቆረጣል።»

ሽማግሌው እግሬን አዩ፣ ጠፍሩን አዩ። ከእጃቸው ላይ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ነገር ቢኖር፣ ይህን ክርክር እኔ ሳልኖር ቢያደርጉት እንዴት ደስ ባለኝ ነበር የሚል ነው። ሽማግሌው ዘወር አሉና ጠፍሩን አጥሩ ላይ ሰቀሉት። ትልቅ ሰው ተረታሁ የሚለው እንዲህ ነው፤ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ታዲያ በምን ይታሰር? ባሕረኛው የሰንደቁን ገመድ አመጣ፤ ያንኑ የጣለኝን። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት፣ እስካሁን ራሴን በጉልበታቸው አስደግፈው የቆዩት፣ ገመድ ሥጋ ይበላል አሉ። ራሴን ቀስ አድርገው ባናው ላይ አሳረፉና ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ።

በመንዝ አሮጊት ወገብ ላይ ስላለ መቀነት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ረጅም ነው፤ ከጥጥ የተሠራ፣ ወፍራም፣ ደጋግሞ የተጠመጠመ። ቁልፍ በውስጡ ይቋጠራል፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ እምነት ይቋጠራል፣ ያመመ ወገብ ይደገፍበታል። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ያለመቀነት ወንድ ፊት አትቆምም። እሳቸው ግን ፈቱት፣ ፈቱት፣ የማያልቅ መሰለኝ። በእሱ ፋንታ ወገባቸውን ለበግ ማሰሪያ በተገመደ የጓሳ ሣር ሸብ አደረጉና መጡ።

«ወሬያችሁን ስትጨርሱ በዚህ እሰሩት» አሏቸው።

ባሕረኛው አሰረኝ። እንዴት እንደሚያስር አውቅ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አይቼው የማላውቀውን ነገር ነው የሠራው። ቀርከሃውን ከላይ እስከ ታች አሰለፈ፣ በባና ቅዳጅ አለበሰው፣ መቀነቱን እየሳበ ጠመጠመ፤ በየዙሩ ጣቱን በሥሩ ያስገባል። ጣቱ ካልገባ ይፈታና እንደገና ይጀምራል። ጨርሶ የእግሬን አውራ ጣት ቆነጠጠኝ።

«ይሰማሃል?»

እንደሚሰማኝ በደንብ አድርጌ ነገርኩት። ቃሉን እዚህ አልደግመውም።

ቃሬዛው የሱ ሥራ ሆነ። ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍና አግዳሚዎቹን በሰንደቁ ገመድ አሰራቸው። ገመዱን አስቀድሞ ባልዲ ውስጥ ነከረው። መርከብ ላይ እርጥብ ገመድ ይጠብቃል፣ የያዘውን አይለቅም፤ በዚህ ያሰርኩት ጭነት በማዕበል ውስጥ ንቅንቅ አላለም እያለ ይደነፋል። ሽማግሌው ሲያዩት ቆዩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት፤ የጠዋቱ ነገር ገና አልወጣላቸውም። ወደ ቤት ገብተው የበቅሎ መጫኛቸውን አወጡ፤ ቅቤ የጠጣ፣ ለስላሳ ቆዳ። እንደ ቀረርቶ አውጪ ትከሻቸው ላይ አደረጉትና ከኋላ ተከተሉን። ለምን እንደያዙት ማንም አልጠየቃቸውም።

ቃሬዛ መንገድ ላይ ሲታይ ያገሩ ልማድ አንድ ነው። የተገናኘ ወንድ ሁሉ ሥራውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል፤ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ይጠይቃል። የደከመው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ ወደሚቀጥለው ደብር ሲደርሱ ሌሎች ይጠብቃሉ። ስለ አገራችን ሰው ግትርነትና ሙግት ወዳድነት እኔም ብዙ ጽፌአለሁ፣ አልመለስበትም። ግን የዚያን ቀን፣ መሬት ተካክደው ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ ሁለት ባላንጣዎች ከነምስክሮቻቸው አገኙን። ሁለቱም ዱላቸውን ለምስክር ሰጥተው ገቡ፤ አንዱ ከፊት በቀኝ፣ አንዱ ከፊት በግራ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እስከሚቀጥለው መንደር ተሸክመውኝ ሄዱ። እርምጃቸውን ግን ማስማማት ነበረባቸው፤ ያለዚያ እጮኻለሁ። ሲለቁኝ ሁለቱም እግዜር ይማርህ አሉኝና፣ እየራቁ ሲሄዱ ሙግታቸውን ካቆሙበት ሲቀጥሉ ሰማሁ።

ባሕረኛው ትከሻውን ለማንም አልለቀቀም። ለልማዱ ነውር ነው፤ ተራ ይሰጣል እንጂ ሸክም አይቀማም ብለው ሰዎቹ ተቆጡት። በማይሰማው ጆሮው በኩል ስለነበሩ አልሰማም። ቃሬዛው ባረፈ ቁጥር ግን እየመጣ አውራ ጣቴን ይቆነጥጣል። ይሰማሃል? ይሰማኛል፣ ተወኝ። መሬት በነካን ቁጥር ይህችው ነበረች ጨዋታችን።

አንድ ሌሊት በሰው ቤት አደርን፤ ቤተኞቹ አልጋቸውን ለእኔ ለቀው መሬት ተኙ። በማግስቱ ጓሳ ሜዳ ላይ ወጣን። ያን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ እስከ ወገብ ነው፣ ነፋሱ ከአድማስ እስከ አድማስ ማንም የሚያስቆመው የለም፣ የጥር ፀሐይ ደግሞ እርጥበት የሚባል ነገር አታስቀርም። እኔ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ሰማይ ሰማይ እያየሁ፣ ከሥሬ የሆነ ነገር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ወዲያው የግርጌው አግዳሚ ሾለከ፤ ወደ ቀኝ ተንሸራተትኩ፣ የተሰበረው እግር ከቃሬዛው ወጣ። ሰዎቹ በጉልበታቸው ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሆነውን አላውቅም።

ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፤ ባሕረኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ አውራ ጣቴን ይዟል። ይሰማሃል አላለኝም። ፊቴን ብቻ ያያል። ይሰማኛል አልኩት፤ ያን ጊዜ ቁጭ አለ። ገመዱ እንደ ሸማ ላልቶ ከእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ነፋሱና ፀሐዩ አድርቀውታል።

ሽማግሌው ከኋላ ደረሱ። ገመዱን በሁለት ጣታቸው አነሡ።

«የባሕርህ ገመድ ውሃ ጠማው መሰለኝ» አሉት።

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ባሕረኛው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ መርከብ ላይ እኮ ምንም ነገር አይደርቅም አለ። እውነቱን ነው። የተማረው ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነትነቱ ግን እርጥብ ነበር። የሽማግሌው ጥበብ ደግሞ ለእንጨት እውነት ነበር። ሰው የሚሳሳተው በማያውቀው ነገር ነው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ሰው አጥብቆ በሚያውቀው ነገር ሲሳሳት ነው።

ሽማግሌው መጫኛውን ከትከሻቸው አወረዱ። ለዚህ ነበር የያዙት፤ ከግቢያቸው ጀምሮ የሚሆነውን ያውቁ ነበር። ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ኋላ ስጠይቃቸው፣ የጠየቀኝ የለም አሉኝ። ጠፍሩን አጥር ላይ የሰቀለ ሰው ያን ያህል ኩራት ይፈቀድለታል። ዋጋውን የከፈለው ግን የእኔ እግር ነው። አግዳሚውን ባሕረኛው ገጥሞ ያዘላቸው፤ እሳቸው በበቅሎ ላይ እንደሚጭኑ አድርገው እየወጠሩ አሰሩት።

«ያጥብቁት ጋሼ» አላቸው፣ ድምፁ ተመልሶለት። «ይሄ እንጨት ነው፣ ደም የለውም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፣ እግሬ ባይከለክለኝ።

መሐል ሜዳ መኪናው ላይ ደረስን። እህል ጆንያ ላይ አጋደሙኝ፤ ሽማግሌው ከዚያ ተመለሱ፣ ባሕረኛው አብሮኝ ወጣ። በሞላሌ በኩል ደብረ ብርሃን እስክንገባ መኪናው በነጠረ ቁጥር አውራ ጣቴን እየቆነጠጠ ሄደ። ሐኪሙ እግሬን ሲያይ መቀስ አነሣ። አይቆረጥም አልኩት። እግርህን አይደለም፣ ጨርቁን ነው አለኝ። ጨርቁን ነው የምልህ፣ አደራ ነው፣ ይፈታ አልኩ። እያጉረመረመ ፈታው፤ እንደ እኔ ሁሉ እሱም የማያልቅ ሳይመስለው አልቀረም። ጨርሶ ሲያበቃ እግሬን ዳሰሰ፣ ሙቀቱን አየ። ማን ነው ያሰረው ብሎ ጠየቀ። ባሕረኛው እኔ ነኝ አለ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት በሽተኞችም ሁሉ አወቁ። ሐኪሙ፣ ይህ ጠበቅ ብሎ ታስሮ ቢሆን ኖሮ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ለመቆረጥ ነበር አለ። ባሕረኛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጋናውን ለሌላ ሰው አካፈለ። መቀነቱ የእትዬ ነው አለ።

ራቤል የተመለስኩት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ቀኝ እግሬ ከግራው ትንሽ አጥሯል፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ አዘነብላለሁ፣ ወዳጆቼ በፖለቲካም ነው ይላሉ። ከደብረ ብርሃን ጥለት ያለው አዲስ መቀነት ገዝቼ ነበር። አሮጌውን አጥቤ፣ አዲሱን ደርቤ ለእመቤቲቱ ሰጠኋቸው። አሮጌውን ተቀበሉና እዚያው ዞር ብለው ታጠቁት፤ በወገባቸው ላይ የነበረውን የጓሳ ገመድ ወደ ጓዳ ጣሉት። እነዚያን ወራት ሁሉ በበግ ማሰሪያ ነው የከረሙት። አዲሱን ግን ገለበጡ፣ ጥለቱን አዩ፣ በቀሚስ ላይ ለመታጠቅ የተፈጠረ አይደለም ብለው አጠፉት። ቅር አለኝ። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ ለታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አየሁት። ያ የእኔ ቃሬዛ አልፈረሰም፤ ለደብሩ ተሰጥቶ ደጀ ሰላሙ ሥር ቆሟል። የግርጌው አግዳሚ በሽማግሌው ጠፍር ታስሯል፣ የራስጌው በባሕረኛው ገመድ፤ የገመዱ ጫፍ በሰም ክር ተቋጥሯል። ሁለቱ ሰዎች ስላልተስማሙ ይመስለኛል፤ ወይም ስለተስማሙ። አዲሱ መቀነቴ በአንደኛው እንጨት ላይ ተጠምጥሟል። ለሚቀጥለው ሰው ነው አሉኝ እትዬ ሲያልፉ፤ አንተማ ታስረሃል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሲያወራው ሰምቻለሁ። ከተማ ያሉት ባሕር ያየ ሰው ከባላገር ጠፍር አዳነው ይላሉ። ባላገሮቹ ደግሞ ባሕረኛው ሊጥለው ሲል ሽማግሌው ደረሱለት ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች በእኔ እግር ላይ ቆመው ነው የሚከራከሩት። እኔ ዕዳዬን አንድ ሰው ላይ ማሳረፍ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር፣ ቢቀለኝ ብዬ። ትከሻቸውን የሰጡኝን ብቻ ብቆጥር ከራቤል እስከ መሐል ሜዳ የማመሰግነው ሰው ይበዛብኛል፤ የብዙዎቹንም ፊት አላየሁም፣ ጀርባዬ ላይ ነበርኩ።

በሚቀጥለው በጋ አንድ ሰው ጓሳ ሲያጭድ ከገደል ወደቀ። ቃሬዛው ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ ግን እርምጃዬ ከማንም እርምጃ ጋር አይስማማምና ትከሻ ስሰጥ ቃሬዛው ተናወጠ። አውጡት አሉ ሽማግሌው። ባሕረኛው ከፊት ሆኖ ሳይዞር፣ ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ጣቱን ያዝለት ብሎ ጮኸብኝ።

ስለዚህ እያነከስኩ በጎኑ ሄድኩ። የተሰበረ እግሩ በማውቀው መቀነት ታስሯል። በመጀመሪያው ዕረፍት አጎንብሼ የእግሩን አውራ ጣት ቆነጠጥኩት።

«ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል፣ ተወኝ» አለኝ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በንዴት።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ምን እንዳደረገልኝ አልገባውም።